የድመት ሆድ ሲያብጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድመቴ ትበላለች፣ ትጫወታለች፤ ሆዷ ግን ተነፍቷል። ልጨነቅ?

ሆዷን ለጊዜው ይተዉትና ጀርባዋን ይዳስሱ። ከትከሻዋ ጀምረው እስከ ጭራዋ ሥር ድረስ አከርካሪዋን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ይዘው ቀስ ብለው ይውረዱ። የጤነኛ ድመት አከርካሪ ግራና ቀኙ በጡንቻ የተሞላ ስለሆነ አጥንቱ ይዳሰሳል እንጂ አይቆረቁርም። ሆዷ እያደገ ጀርባዋ እንደ መጋዝ ጥርስ የሚሰማዎት ከሆነ ድመቷ እየወፈረች አይደለም። ሆዷ ውስጥ ውሃ፣ ዕጢ፣ ትል ወይም ያበጠ የውስጥ አካል አለ፤ ጡንቻዋ ደግሞ እየቀለጠ ነው። ሆዷም ጀርባዋም እኩል ከሞሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ውፍረት ወይም እርግዝና ነው።

«ትበላለች» የሚለው ብቻውን ብዙም አያጽናናም። ድመት ሕመሟን የምትደብቅ እንስሳ ናት፤ አንዳንድ በሽታዎች ደግሞ ጭራሽ የምግብ ፍላጎት ይጨምራሉ። ለምሳሌ የሐሞት ቧንቧዎችን ቀስ በቀስ የሚያቆስል አንድ የጉበት በሽታ አለ፤ ሆዷ ውሃ ቋጥሮ እንኳ ድመቷ ሳህኗን ልሳ ተጨማሪ ትጠይቃለች።

ሁለተኛው መለኪያ ፍጥነት ነው። ስብ ለመከማቸት ወራት ይፈጅበታል። በቀናት ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ ያበጠ ሆድ ስብ ሊሆን አይችልም።

ስትሄድ ከሆዷ ሥር የሚወዛወዘው ቆዳስ?

እሱ ጤነኛ ነው። ከኋላ እግሮቿ ፊት ለፊት የሚንጠለጠለው ለስላሳ የቆዳና የስብ ከረጢት በሴትም በወንድም፣ በቀጭንም በወፍራምም ድመት ይገኛል። ስትሮጥ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ በጣት ሲይዙት ባዶ ኪስ ይመስላል፤ ቆዳው ሲሳብም አያማትም። አንዳንድ ሰው የማምከን ቀዶ ሕክምና ያመጣው ይመስለዋል፤ ያልመከኑት ድመቶችም ግን አላቸው። ከረጢቱ ውስጥ ጠንካራ እብጠት ከተሰማዎት ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የሆድ ዕቃ ከቆዳው ሥር ወጥቶ ወይም የጡት ዕጢ ሆኖ ሊሆን ይችላል።

ስብ ይሁን ውሃ በእጄ መለየት እችላለሁ?

በግማሽ ያህል፣ አዎ። መጀመሪያ የጎድን አጥንቷን ይዳስሱና ከራስዎ እጅ ጋር ያነጻጽሩት። እጅዎን ዘርግተው የጀርባውን በኩል ሲነኩ የሚሰማዎት ዓይነት ከሆነ ልኳ ነው። የጨበጡትን ቡጢ አንጓዎች ከመሰለ ከስታለች። መዳፍዎን እንደ መንካት ሆኖ አጥንቱን መፈለግ ካስፈለገዎት ወፍራለች።

ቀጥሎ አቁመው ከላይ ይመልከቷት። ወፍራም ድመት ደረቷም ወገቧም ጀርባዋም አንድ ላይ ይሞላሉ። ውሃ የቋጠረች ድመት ግን ታችኛው ክፍሉ እንደተነፋ ቅል ትመስላለች፦ ከላይ ወገቧ ጠባብ፣ ከታች ሁለቱ ጎኖቿ የወረዱ። አንድ መዳፍ በአንደኛው ጎኗ አስደግፈው ሌላኛውን ጎን በጣት ቀለል አድርገው ቢመቱት፣ ውሃው ብዙ ከሆነ ሞገዱ መዳፍዎ ላይ ይደርሳል። ጥቂት ውሃ ግን በእጅ አይታወቅም፤ እሱን የሚያሳየው አልትራሳውንድ ብቻ ነው። ሆዷን አይጭመቁ። መግል የያዘ ማህፀን ወይም የተወጠረ የሽንት ፊኛ ሊፈነዳ ይችላል።

ሚዛን ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ያታልላል። ግማሽ ሊትር ውሃ ግማሽ ኪሎ ይመዝናል። 300 ግራም ጡንቻ አጥታ 500 ግራም ውሃ የቋጠረች ድመት ሚዛን ላይ 200 ግራም «ወፍራለች»፤ ባለቤቷም ደስ ይለዋል። ስለዚህ ክብደቷን ከዙሪያ ልኬት ጋር አብረው ይያዙ። በሰው ሚዛን እርስዎ ብቻዎን፣ ከዚያ አቅፈዋት ይመዘኑና ይቀንሱ። የልብስ ሰፊ ሜትር ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ አዙረው፣ ቆማ ሳለች፣ ከመብላቷ በፊት 3 ጊዜ ይለኩና መሃለኛውን ይጻፉ። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት ይድገሙት። ዙሪያዋ እየሰፋ ጀርባዋ እየሳሳ ከሄደ ሦስተኛውን ሳምንት አይጠብቁ።

አርግዛ ቢሆንስ?

ያልመከነች ሴት ድመት ወደ ውጭ የምትወጣ ከሆነ ከሁሉ በፊት መታሰብ ያለበት ይህ ነው። ድመት ገና በ4 ወይም በ5 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፤ «ልጅ ናት» የሚለው አያስመልጥም። ልጆቿን እያጠባች እንኳ ትደግማለች።

እርግዝናው በአማካይ ከ63 እስከ 65 ቀን ይፈጃል። በ3ኛው ሳምንት ገደማ የጡት ጫፎቿ ይቀላሉ፣ ያብጣሉ፤ ሆዷ በግልጽ የሚታየው ከ5ኛው ሳምንት ወዲህ ነው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ተኝታ ሳለች ጎኗ ላይ እንቅስቃሴ ይታያል። በአልትራሳውንድ የግልገሎቹን የልብ ምት ከ25ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ማየት ይቻላል። ራጅ ግን አጥንታቸው እስኪጠነክር፣ ማለትም ከ6ኛው ሳምንት በኋላ ነው የሚጠቅመው፤ ያኔ ቁጥራቸውንም ይናገራል። ወንድ ካገኘች 70 ቀን አልፎ ካልወለደች፣ ወይም ለ30 ደቂቃ አጥብቃ እያማጠች ምንም ካልወጣ ወደ ሐኪም ይውሰዷት።

አላረገዘችም ተባልን፤ ያልመከነች ናት፤ ሆዷ ግን ያድጋል።

ማህፀኗ መግል ይዞ እንደሆነ ይጠርጥሩ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ወንድ ፍለጋ ከጮኸች ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በተለይ እርግዝና መከላከያ ሆርሞን በመርፌም በክኒንም የወሰደች ድመት የበለጠ ትጋለጣለች። የማህፀኑ አፍ ክፍት ከሆነ መግል ይወጣል፤ ይሁንና ድመት ራሷን ስለምትልስ ባለቤቷ ላያየው ይችላል። አፉ ከተዘጋ ደግሞ መግሉ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሆዷ ያብጣል፣ ውሃ አብዝታ ትጠጣለች። አንዳንዷ እስከ መጨረሻዎቹ ቀናት ድረስ ደህና ትመስላለች። አንቲባዮቲክ ብቻውን በቂ አይደለም፤ መድኃኒቱ ማህፀኑንና እንቁላል ማምረቻዎቹን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው፤ እሱም በዚያው ቀን።

ሰው ሁሉ «ወስፋት ነው» ይለኛል። መድኃኒት ሰጥቼ ልየው?

ግልገል ከሆነች ሰው ሁሉ ትክክል ነው ማለት ይቻላል። ክብ ሆድ፣ ቀጭን እግር፣ የደበዘዘ ጠጉር ያላት የ2 ወር ግልገል ብዙ ጊዜ ወስፋት አለባት፤ ከእናቷ ወተት ጋር ይገባባታል። አንዳንዴ ስታስመልስ ወይም ስትጸዳዳ እንደ ፓስታ ያለ ነጭ ትል ይወጣል። 5 ዓመት በሆናት ድመት ላይ ግን ወስፋት ብቻውን ሆድን እንዲህ የሚነፋበት ጊዜ ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቀን የሚባክነው፦ አንድ ክኒን፣ 2 ሳምንት ጥበቃ፣ ሌላ ክኒን፣ በመሃል ሆዱ ውሃ ይሞላል።

ለወስፋት ፓይራንቴል በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ወይም ፌንቤንዳዞል በኪሎ 50 ሚሊግራም በቀን አንዴ ለ3 ቀን ይሰጣል። መድኃኒቱ አንጀት ውስጥ ያለውን ትል እንጂ በሥጋ ውስጥ የሚጓዘውን እጭ ስለማይጨርሰው ከ2 ሳምንት በኋላ መደገም አለበት። ግልገሎች ከ3ኛው ሳምንታቸው ጀምሮ ጡት ከተዉ 2 ሳምንት እስኪሆናቸው ድረስ በየ2 ሳምንቱ ይሰጣቸዋል፤ የምታጠባው እናትም አብራቸው ትወስዳለች። መጠኑ የሚሰላው በግምት ሳይሆን በሚዛን ነው። ትል የሞላባት ግልገል ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ በአንድ ጊዜ የሞቱት ትሎች ተተብትበው አንጀቷን ሊዘጉት ይችላሉ። መድኃኒት ወስዳ ካስመለሰችና ሰገራዋ ከቆመ ፈጥነው ይውሰዷት።

የጭራዋ ሥር ጠጉር ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያክል ነገር፣ ሲደርቅ ሰሊጥ የሚመስል፣ ካዩ ከቁንጫ የሚመጣ ጥፍጥፍ ትል ነው። ሰው ኮሶ ከሚለው ጋር ቢዛመድም ያው አይደለም፤ ጥሬ ሥጋ በመብላት አይመጣም፤ ሆድም እምብዛም አይነፋም። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል፣ በኪሎ 5 ሚሊግራም ነው። ቁንጫው ካልጠፋ ግን ትሉ ይመለሳል።

ከሰው መድኃኒት ቤትና ከከብት መድኃኒት የሚቆርሱ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ለቢልሃርዚያ የሚሸጠው ፕራዚኳንቴል 600 ሚሊግራም ነው፤ 3 ኪሎ ለሆነች ድመት የሚያስፈልገው 15 ሚሊግራም፣ የክኒኑ አንድ አርባኛ። በቢላ አይቆረጥም። አልቤንዳዞል የድመትን መቅኒ ሊያዳክምና የደም ሴሎቿን ሊቀንስ ይችላል። ለከብት የሚወጋው 1 በመቶ አይቨርሜክቲን በ1 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊግራም ስለሚይዝ ጥቂት ጠብታ ስህተት ግልገልን ያንቀጠቅጣል፣ ሊገድላትም ይችላል። ለሆድ ቁርጠት ብለው ፓራሲታሞል የሚሰጡም አሉ። አንድ ክኒን ድመት ይገድላል።

የምትበላው ቤት ውስጥ ያለውን ነው። ከምግቡ ይሆን?

ሊሆን ይችላል። ድመት ሥጋ በል ናት፤ ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር በሰውነቷ በበቂ መጠን መሥራት ስለማትችል ከሥጋ ማግኘት አለባት። በእንጀራና በሽሮ ብቻ የምታድግ ግልገል ሆዷ ይሞላል፤ ፕሮቲኑ ግን አይበቃትም፤ ስለዚህ እግሯ ቀጭን፣ ሆዷ ክብ ይሆናል። ታውሪን ለረጅም ጊዜ ሲጎድል ደግሞ ልብ ይሰፋል፣ ይደክማል፤ ዓይንም ይጎዳል። በሁዳዴ 55 ቀን ቤቱ ሲጾም ድመቷም ሳትጠየቅ ትጾማለች። አይጥ የምታድን ከሆነ ራሷን ታካክሳለች፤ በር የተዘጋባት ግን ምንም የላትም።

ቀላሉ መፍትሔ ከሥጋ ቤት ልብ ገዝቶ በትንሹ መቀቀልና ከነመረቁ መስጠት ነው። ልብ በታውሪን የበለጸገ ነው፤ ታውሪኑ ግን ወደ ውሃው ስለሚወጣ መረቁን አይድፉት። የተቀቀለ እንቁላልም ይረዳል። ጉበት በሳምንት አንዴ፣ በትንሹ፤ በየቀኑ ከሆነ ቫይታሚን ኤ ተከማችቶ የአንገቷን አጥንት ያጣብቃል። ከወጥ አይቆንጥሩላት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በስሎም ቢሆን ቀይ የደም ሴሏን ይሰብራል። ወተትን በተመለከተ፣ አብዛኛው ያደገ ድመት ሊፈጨው አይችልም፤ ሆዷ የተነፋው ከወተት በኋላ ከሆነና ከተቅማጥ ጋር ከመጣ ለ3 ቀን ከልክለው ይዩ።

ወፍራ ብቻ ከሆነችስ? ምግቧን ላቁምባት?

በፍጹም። ወፍራም ድመት ለ2 ወይም ለ3 ቀን ካልበላች ስቡ ወደ ጉበቷ ይጎርፍና ጉበቷ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ለመቀነስ የሚሻለው በሳምንት ከክብደቷ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ነው። ልኳ 4 ኪሎ መሆን ላለበት ድመት በቀን 160 ካሎሪ ገደማ መነሻ ነው፤ በ100 ግራም 370 ካሎሪ የሚይዝ ደረቅ ምግብ ከሆነ 43 ግራም ያህል ይሆናል። በኩባያ አይስፈሩት፤ ይመዝኑት። አሁን የምትበላው ከዚህ እጅግ ከበለጠ በአንድ ቀን ሳይሆን በ2 ሳምንት ውስጥ ቀስ እያሉ ያውርዱት።

«ሆዷ ውሃ ቋጥሯል» ተባልን። ውሃው ከየት መጣ?

ውሃው ራሱ ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። ጉበት ሲጎዳ፣ በደም ውስጥ ያለው ፕሮቲን በአንጀት ወይም በኩላሊት በኩል ሲፈስ፣ ካንሰር ሲሰራጭ፣ መኪና ገጭቷት ወይም ከፎቅ ወድቃ ፊኛዋ ሲቀደድ ይመጣል። የልብ ድካምም አንዱ ምክንያት ነው፤ በድመት ግን የልብ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ሳንባና ወደ ደረት ነው። ከ2 ዓመት በታች በሆነ ድመት፣ በተለይ ብዙ ድመቶች አብረው ከሚኖሩበት ቤት የመጣ ከሆነ፣ ቀድሞ የሚታሰበው ኤፍ.አይ.ፒ. ነው። በድመቶች አንጀት ውስጥ የተለመደ አንድ ኮሮና ቫይረስ በአንዳንዶቹ ሰውነት ውስጥ ተለውጦ የደም ሥሮችን ሲያቆስል የሚመጣ በሽታ ነው። ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከኮቪድ ጋርም አንድ አይደለም።

ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ጥቂት ውሃ ይቀዳል፤ መልኩ ብዙ ይናገራል። እንደ ውሃ ጥርት ያለ ከሆነ ወደ ጉበት ወይም ወደ ፕሮቲን ማነስ ያመለክታል። እንደ ጠጅ ቢጫ ሆኖ ሲጎትቱት የሚሳብ፣ የሚያጣብቅ ከሆነ ኤፍ.አይ.ፒ. ይጠረጠራል። ወተት የመሰለ ከሆነ ሊምፍ የሚባለው፣ ከአንጀት ስብ የሚያጓጉዘው ፈሳሽ ነው፤ ደም ከሆነ ዕጢ ወይም ጉዳት። ውድ መሣሪያ በሌለበት ክሊኒክም የሚሠራ አንድ ምርመራ አለ፣ ሪቫልታ ይባላል፦ በ8 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ላይ 1 ጠብታ 98 በመቶ አሴቲክ አሲድ ይቀላቀላል፤ ከዚያ ከሆዷ የተቀዳው ፈሳሽ 1 ጠብታ ከላይ ይደረጋል። ጠብታው ሟሙቶ ከጠፋ ኤፍ.አይ.ፒ. የመሆን ዕድሉ ይቀንሳል። ቅርጹን ይዞ ከተንሳፈፈ ወይም ቀስ እያለ ከወረደ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ይሁንና የባክቴሪያ ቁስለትና የሊምፍ ካንሰርም እንዲሁ ሊያደርጉ ስለሚችሉ ብቻውን አይፈርድም።

ኤፍ.አይ.ፒ. ከሆነ አለቀላት ማለት ነው?

ድሮ እንደዚያ ነበር፤ አብዛኞቹ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይሞቱ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ኒልስ ፔደርሰንና ባልደረቦቻቸው ጂኤስ-441524 የተባለውን ፀረ-ቫይረስ በታመሙ ድመቶች ላይ ሞክረው ያገኙት ውጤት ነገሩን ለወጠው። አሁን ሕክምናውን በጊዜ ከጀመሩት ድመቶች አብዛኞቹ ይድናሉ። በብሪታንያ ከነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ ደግሞ ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሐኪም ትእዛዝ በሕጋዊ መንገድ ይገኛል፤ እዚያ ያላችሁ አንባቢዎች «መድኃኒት የለውም» የሚል የቆየ ምክር ከሰማችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

የተለመደው ሕክምና በየቀኑ ለ84 ቀን ነው። ሲሠራ ትኩሳቱ በጥቂት ቀናት ይወርዳል፣ ውሃው በ2 ሳምንት ገደማ ይደርቃል። ያን ጊዜ ማቋረጥ ትልቁ ስህተት ነው። ሁለተኛው ስህተት መጠኑን በመጀመሪያው ክብደቷ ላይ መተው ነው፤ የምትድን ድመት ትወፍራለች፣ በየሳምንቱ ተመዝና መጠኑ ካልተስተካከለ መድኃኒቱ ያንሳትና በሽታው ይመለሳል።

ሐኪሙ ለምን ውሃውን በሙሉ ቀድቶ አይጨርሰውም?

ውሃው ውስጥ የራሷ ፕሮቲን አለ። በሙሉ ሲቀዳ ፕሮቲኑ አብሮ ይሄዳል፣ ውሃውም መልሶ ይሞላል። ትንፋሽ ካልከለከላት በስተቀር ለምርመራ የሚበቃውን ብቻ መውሰድ ይሻላል።

ወንድ ድመት ነው፤ ሆዱን ስነካው ይጮሃል።

ማንበብዎን ይተዉና ሽንቱን ይከታተሉ። ወንድ ድመት የሽንት ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ በደቃቅ ጠጠርና በዝልግልግ ነገር ይዘጋል። መጸዳጃ አሸዋው ላይ ደጋግሞ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ምንም አይወጣም ወይም ጠብታ ደም ይወጣል። ባለቤቱ ድርቀት ይመስለዋል። ታችኛው ሆዱ ላይ ብርቱካን የሚያክል ጠንካራ ኳስ ከተሰማ ፊኛው ነው። ከ1 እስከ 2 ቀን ውስጥ በደሙ የሚከማቸው ፖታሲየም ልቡን ያቆመዋል። በሌሊትም ቢሆን ይሂዱ።

ድመቴ 12 ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜስ?

ዕጢ ቀድሞ ይታሰባል፤ ግን ሁሉም ዕጢ አይደለም። ባረጁ ድመቶች ኩላሊት ዙሪያ ውሃ የያዘ ትልቅ ከረጢት ሊፈጠር ይችላል፤ ሆድ በግልጽ ያብጣል፣ ድመቷ ግን አይሰማትም። ለቀናት የተጠራቀመ ሰገራም ሆድ ይወጥራል። የስኳር በሽታዋ በኢንሱሊን አልገዛ ካለና ቆዳዋ በቀላሉ የሚቀደድ ከሆነ ከኩላሊት አጠገብ ያለውን ሆርሞን አመንጪ አካል (አድሬናል) የሚይዝ፣ አልፎ አልፎ የሚከሰት በሽታ አለ፤ ሆዱ ተንጠልጥሎ ይወርዳል።

ስንት ቀን ልጠብቅ?

በዚያው ሰዓት የሚያስኬዱት እነዚህ ናቸው፦ በአፍ መተንፈስ፣ ተኝታ ሳለች በደቂቃ ከ40 በላይ መተንፈስ፣ የነጣ ወይም ቢጫ የሆነ ድድ፣ ሽንት መከልከል፣ መውደቅ ወይም መገጨት። ትንፋሽ ሲቆጥሩ ደረቷ ወጥቶ መግባቱ 1 ነው፤ ለ30 ሰከንድ ቆጥረው በ2 ያባዙ፤ ጤነኛዋ ስትተኛ ከ30 አትበልጥም። ጀርባዋ እየከሳ ሆዷ የሚያድግ ከሆነ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ። ጀርባዋ ሙሉ ሆኖ ዝም ብላ የምትወፍር ከሆነ ለሚቀጥለው ክትባቷ ስትሄድ ማንሳት ይበቃል።

ሐኪም ጋ ስሄድ ምን ልያዝ?

መጀመሪያ ደውለው 2 ነገር ይጠይቁ፦ ድመት ያያሉ ወይ፣ አልትራሳውንድ አላቸው ወይ። በኢትዮጵያ ብዙ የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒኮች ሥራቸው ከከብትና ከበግ ጋር ነው። በቢሾፍቱና በጎንደር የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች ስላሉ በአካባቢው ያሉ ሰዎች እዚያም መጠየቅ ይችላሉ።

የክብደትና የዙሪያ ልኬቱን፣ የተሰጣትን መድኃኒት ከነማሸጊያው፣ ስትተኛ ስትተነፍስ የተቀረጸ የ1 ደቂቃ ቪዲዮ ይያዙ። ባቄላ የሚያክል የዕለቱን ሰገራ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ያድርጉ፤ ፀሐይ ላይ አይተዉት። ለአልትራሳውንድ 8 ሰዓት ያህል ባትበላ ምስሉ ይጠራል፤ ግልገልን፣ እርጉዝንና ስኳር ያለባትን ግን አያስርቡ፤ ውሃ ለማንም አይከለከልም። የምትተነፍስበት ቀዳዳ ባለው ካርቶን፣ ሥሩ ላይ የቤት ሽታ ያለው ጨርቅ አንጥፈው ያስገቧት። ክትባት የሌላት ሆና ብትነክስዎ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥበው ለእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሲያነሷት አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከመቀመጫዋ ሥር ይሁን፤ ሆዷ ላይ ክብደቷ አይረፍ፤ የተሞላ ሆድ ሲጫኑት ሳንባዋን ወደ ላይ ይገፋል።